ለደምሴ የተተወው ባዶ ቦታ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሬን አዘውትረው የሚያንኳኩት መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች ናቸው። አራሚ እንደነበርኩ፣ በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ድርሰት ሳነብ ዓይኔን እንደጨረስኩ ማን እንደሚነግራቸው እንጃ። በብብታቸው ያቀፉትን የወረቀት ክምር ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡና የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። አብዛኞቹ የሚፈልጉት ምክር ሳይሆን «ግሩም ነው» የሚል ቃል ነው። አልፈርድባቸውም። እኔም በሃያ ዓመቴ የምፈልገው እሱን ብቻ ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት አስተማሪ መጣች። የአባቷን የሕይወት ታሪክ ጽፋለች። «ጋሼ፣ መጽሐፍ ለሚጽፍ ሰው ዋናው ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ፣ በወረቀቱ በአንድ ፊት ብቻ ጻፊ፣ ኅዳጉን ሰፋ አድርገሽ ተዪ፣ ሌላ ግልባጭ እቤትሽ ሳታስቀሪ ለማንም አታሚ አትስጪ፣ ለእርማት የሚመጣልሽን ወረቀት ራስሽ አንብቢው እንጂ ለወንድምሽ አትላኪው አልኳት። ሁሉንም በማስታወሻዋ ጽፋ፣ አመስግናኝ ሄደች። በሩን ዘግቼ ስመለስ ራሴን ታዘብኩት። ዋናውን ጠይቃኝ የነገርኳት ትርፍራፊውን ነው። ዋናውን ለመናገር አፌ አይታዘዝልኝም፤ እጄ ይሻላል ብዬ ይኸው ጀመርኩ።

መጽሐፍ መሥራት የተማርኩት በማተሚያ ቤት አይደለም። መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት የሚካኤል ደብር አጠገብ፣ መሪጌታ ጥበቡ ከሚባሉ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ነው። ቁም ጸሐፊ ማለት ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ መጽሐፍን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ በእጁ የሚጽፍ ሰው ነው። እኔ ያን ጊዜ ድቁና የተቀበልኩ፣ ቅኔ ሞክሬ ያልሆነልኝ፣ ጺሜ ያቀመቀመ ጎረምሳ ነበርኩ። ቅኔ ያልሆነለት ሁሉ ጽሕፈት ይቀለኛል ብሎ ያስባል። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር የሄድኩት።

የመጀመሪያውን ዓመት ብዕር አላስነኩኝም። ቆዳ ሲያስፍቁኝ ከረሙ። የፍየሉን ቆዳ ከእንጨት ላይ ወጥሮ፣ ሞራውንና ጠጉሩን ፍቆ፣ አርሶ፣ በሻካራ ድንጋይ አሽቶ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ እንደገና መፋቅ ነው። በዚያ ብርድ ጣት አይታዘዝም። ቸኩዬ የቀደድኩትን ቆዳ የኔታ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡበትም፤ ቀዳዳውን በጅማት ሰፍተው፣ ጊዜው ደርሶ ሲጽፉበት ቃሉን በቀዳዳው ዙሪያ ያዞሩታል። «የሰነፍ እጅ ያረፈበት ገጽ ነው፤ አንባቢው እንዲያውቅልህ ትቼዋለሁ» ይሉኛል። ተግሣጻቸው ይኸው ነው። ከዱላ ይከፋል።

ስለ ልማዳቸው ብዙ ብል አይሰለቸኝም። ብዕራቸው መቃ ነበር፤ ጠርበው ሲጨርሱ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አንዲት ፊደል ይጽፉና ካልተመቻቸው እንደገና ይጠርቡታል። ከመጻፋቸው በፊት መስመሩን አፋቸውን ሞልተው ያነቡታል። በአፋቸው ያላለፈውን በእጃቸው አያሳልፉትም። የተናደዱ ቀን ብዕር አይዙም፤ ቀለም ሲበጠብጡ፣ ጥላሸቱን ከተቆላ ገብስ ጋር ሲወቅጡ ይውላሉ። አንድ ጥራዝ ሲጨርሱ ደግሞ አጣጥፈው ከመደቡ ሥር ያኖሩትና ሦስት ቀን ሳይሞላው አያርሙትም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ትናንት የጻፍኩትን ዛሬ ባነበው የማነበው ያሰብኩትን ነው። የጻፍኩትን ለማንበብ ያሰብኩትን መርሳት አለብኝ» አሉኝ። በማተሚያ ቤት ሳለሁ ይህን ስንት ደራሲ ነግሬዋለሁ። ሰኞ ጨርሶ ማክሰኞ የሚያመጣ ብዙ ነው፤ ሦስቱን ቀን የጠበቀልኝ ሁለት ሰው አላውቅም።

የአገሩ ሰው ደብዳቤና አቤቱታ የሚያስጽፈውም እሳቸውን ነበር። እንዲህ ያለውን በአማርኛ ይጽፉና ለባለጉዳዩ ጮክ ብለው ያነቡለታል። የሚያዩት ፊቱን ነው። ሰውየው ዓይኑን ወደ በሩ የመለሰበት ቦታ ላይ በጥፍራቸው ምልክት ያደርጋሉ፤ ኋላ ያንን ቦታ ፍቀው ያሳጥሩታል። ለባለጉዳዩ አይነግሩትም። እሱ ግን «የኔታ የጻፉልኝ ደብዳቤ ቶሎ ይገባል» እያለ ያወራላቸዋል።

ወደ ነገሬ ልግባ። በእኛ ሥርዓት፣ አንድ ሰው ለቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሲያጽፍ፣ በየክፍሉ መጨረሻ «አገልጋይህን እገሌን አስብ» የምትል ጸሎት አለች። የእገሌን ቦታ ጸሐፊው ባዶ ይተዋታል። መጽሐፉ ሲያልቅ በዚያች ባዶ ቦታ የባለቤቱ ወይም የሟቹ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይገባል። በመጽሐፉ ጫፍ ደግሞ ጸሐፊው አጭር መዝጊያ ይጽፋል፤ መጽሐፉ በማን ዘመን፣ በማን ትእዛዝ፣ ስለ ማን እንደተጻፈ የምትናገር። ያለ መዝጊያ የተወ ጸሐፊ ሥራውን አልጨረሰም ይባላል። እኔን የጣለችኝ ይህች መልካም ሥርዓት ናት።

ጠላት ባገራችን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ጠዋት የዚያው መንደር ሴት እትዬ አስካለ አህያ እየነዱ መጡ። አህያዋ ላይ የተጫነው የፍየል ቆዳ ነበር። ባለቤታቸው ደምሴ በመርሐቤቴ በኩል ካለው ገደል አፋፍ ላይ ከጠላት ጋር ሲዋጋ ወድቋል። ጓደኞቹ እየተባረሩ ስለነበር እዚያው በወደቀበት አፈር አልብሰውት አልፈዋል።

«የኔታ» አሉ እትዬ አስካለ፣ ገና ሳይቀመጡ፣ «ደምሴ ቅጽር ውስጥ አላረፈ። ድንጋይም አልቆመለት። መጽሐፍ ላይ ይቀበርልኝ።»

የኔታ ቆዳውን አንድ በአንድ ዳሰሱት። በየወሩ በሚካኤል ቀን የሚነበብ፣ ለአሥራ ሁለቱም ወር አንዳንድ ክፍል ያለው መጽሐፍ ሊሠራ እንደሚችል ነገሯቸው። ከዚያ የክርስትና ስሙን ጠየቁ።

«ገብረ ሚካኤል።»

«እንግዲያው ገብረ ሚካኤል ብለን እናገባዋለን።»

«ገብረ ሚካኤልማ በዚህ አገር ስንቱ ነው። የኔው በምን ይለያል?»

«እግዜር ይለየዋላ፣ አስካለ።»

«እግዜርማ ያለ መጽሐፍም ያውቀው የለ? እኔ የማስጽፈው ሰው እንዲያውቀው ነው። ደምሴ ይባልልኝ።»

የኔታ ሲያስቡ ቆዩ። በየቤቱ ፍተሻ ነበር፤ ከጠላት ምሽግ የሚወጡት ባንዶች የአርበኛ ዘመድ ያሉትን ሁሉ ይዘው ይሄዳሉ። «ስሙን እንጽፍልሻለን» አሏቸው በመጨረሻ። «አሁን ግን አይደለም። መጽሐፉን እንሥራው፣ የስሙን ቦታ ባዶ እንተወው። ቀን ሲወጣ እንሞላዋለን።» እትዬ አስካለ መልሱ ደስ አላሰኛቸውም፤ ግን እሺ ብለው አህያቸውን ይዘው ተመለሱ።

ሰባት ወር ሠራነው። የኔታ ዓይናቸው ይደክም ስለነበር የመጀመሪያውን ግማሽ እሳቸው፣ ሁለተኛውን እኔ ጻፍኩት። መጋጠሚያው የት እንደሆነ ማንም አይለይም። የእሳቸውን እጅ እየቀዳሁ አራት ዓመት ሙሉ ስጽፍ ኖሬ፣ ፊደሌ የእሳቸው ሆኖ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፤ አሁን ሳስበው ልብ የሚያቆስል ኩራት ነው። አሥራ ሁለት ባዶ ቦታ ተውን። መዝጊያውም ባዶ ቀረ።

የኔታ ወደ ቀየት ለዘመድ ለቅሶ የሄዱ ጊዜ እትዬ አስካለ በሶ ይዘው መጡ። መጽሐፉ ማለቁን ነገርኳቸው። «የሱ ቦታ የቱ ነው?» አሉኝ። ከፍቼ አሳየኋቸው። ማንበብ አያውቁም። መዳፋቸውን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፉት።

«እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው፣ እትዬ።»

«ባዶ ነው እኮ።»

«የኔታ ቀን ሲወጣ አሉ።»

«እኔ ነገ ብሞትስ? የኔታስ ቢሞቱ? ማን ነግሮ ያስገባዋል? ክንፈ፣ አንተ ታውቀው ነበር። ድምፁን ታውቀዋለህ። ሌላው ሲመጣ ይህን ባዶ ምን ብሎ ነው የሚሞላው?» ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። እንደ ለቅሶ ቤት አይደለም፤ ድምፅ አልነበረውም።

እሺ አልኳቸው። ከርኅራኄ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም፤ እውነቱ ግን ሌላም ነገር ነበር። የኔታ ቀዩን ቀለም አንድም ቀን አስነክተውኝ አያውቁም። እትዬ አስካለ ከሄዱ በኋላ የቀዩን ቀለም ቀንድ አውርጄ አሥራ ሁለቱንም ቦታ ሞላሁት። እጄ ሲሞቅ ደግሞ መዝጊያውን ጻፍኩት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ከግዕዙ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ ይህ መጽሐፍ ንጉሣችን በስደት ሳሉ፣ ከጠላት ጋር ሲዋጋ ስለ ወደቀው ስለ ገብረ ሚካኤል ደምሴ፣ በባለቤቱ በአስካለ ትእዛዝ ተጻፈ። ሥርዓቱ ያዘዘው ሁሉ አለበት፤ ዘመኑ፣ ሟቹ፣ አስጻፊዋ። አንብቤው ደስ አለኝ። በሰላም ቀን ቢሆን ኖሮ እንከን የማይወጣለት መዝጊያ ነበር።

የኔታ በማግሥቱ ወደ ማታ ገደማ ተመለሱ። ደክሟቸው ነበርና ጠዋት እነግራቸዋለሁ አልኩ። ጠዋት ቁርሳችንን ሳንቀምስ ባንዶቹ ለፍተሻ መጥተው ግቢውን ሞሉት። አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ ዜማ የተማረ፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበር። ሌላው ቢሆን መጽሐፉን ገለጥ አድርጎ ይተወው ነበር፤ ይህኛው ግን መጽሐፍ ከየት እንደሚነበብ ያውቃል። ቀጥታ ወደ ጫፉ ገለጠ።

ድምፁን ከፍ አድርጎ ግዕዙን አነበበው። ከዚያ ወደ የኔታ ዞረ። «ይህ የማን እጅ ነው?»

የኔታ ብራናውን ተቀበሉት። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። አውራ ጣቴ ላይ ቀይ ቀለም ነበረብኝ፤ ትናንት አጥቤው ያልለቀቀ። እጄን ከደረብኩት የሱፍ ባናዬ ውስጥ ከተትኩት።

«የኔ እጅ ነው» አሉ የኔታ።

አስተርጓሚው ሌላ የጻፉትን አውጥቶ አመሳከረ። አንድ ነው። እኔ የምለው ነገር ነበረኝ፤ ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። አላልኩትም። ባናዬን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩ። ያን ሁሉ ዓመት ፊደል በፊደል መስዬ የኖርኩትን ሰው በእኔ ፈንታ ሲያስሩት ቆሜ አየሁ። ሰው ስለ ፍርሃቱ ብዙ ምክንያት መደርደር ይችላል። እኔ የማውቀው ፈርቼ ዝም ማለቴን ነው።

መጽሐፉን ግቢው መካከል እሳት ለኮሱበት። ብራና እንደ ወረቀት አይነድም። ይኮማተራል፣ ይጨሳል፣ እንደ ቆዳ ይሸታል። የሰባት ወር ሥራችን እስኪያልቅ ብዙ ቆየ።

የኔታን ሲያስሯቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱና፣ «ክንፈ፣ እኅትህ ዘመሮ ገበያ ናት። ሂድና መልሳት» አሉኝ። እኅት የለኝም። ገባኝ። በአቋራጩ እየሮጥኩ ሄጄ እትዬ አስካለን ከገብስ ተራ አገኘኋቸው። የሆነውን ስነግራቸው ሸማቸውን አጠበቁ፤ ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ከነአህያቸው ወደ መርሐቤቴ ወረዱ። በማግሥቱ ቤታቸው ተቃጠለ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ይዤ ወደ ምሽጉ እሄድ ነበር። አንዳንዴ ያገናኙኛል። በሄድኩ ቁጥር ዛሬ ለኃላፊው እናገራለሁ እላለሁ፤ ከበሩ ስደርስ የማመጣው ሰበብ አላጣም። የኔታም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡብኝም። የሚጠይቁኝ ስለ ተረፈው ቆዳ ነበር፤ አይጥ እንዳይበላው፣ እርጥበት እንዳይነካው። ከዓመት በላይ ቆይተው ሲፈቱ ክንዳቸውን ይዤ አመጣኋቸው። ያ የደከመ ዓይናቸው ጨለማ ክፍል ውስጥ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር።

ቤት እንደገባን እግራቸው ሥር ወደቅኩ። «ለምን የኔ ነው አሉ?» አልኳቸው።

«እጁን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ውሸት አልተናገርኩም» አሉ። ደግሞም፣ «አንተ ሃያ አራት ዓመትህ ነው። ዓይንህ ደኅና ነው። እኔ እንደሆንኩ የቀረኝ ጥቂት ገጽ ነበር» አሉኝ። ተነሥቼ ውኃ እንዳመጣላቸው ነገሩኝና ሌላ ወሬ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ስለ ማተሚያ ቤቱ ጥቂት ልበል፤ ጡረታዬን የምበላበት ሥራ ነውና ዝም ብዬ ላልፈው አይገባም። ጠላት ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገብቼ በአራሚነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የመጀመሪያው አለቃዬ ለኅትመት የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ ይደረድሩ የነበሩ፣ ጽሑፍ ተገልብጦም ቢሆን የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ ስህተት የሚያዩት ከታች ወደ ላይ እያነበቡ ነበር። «ወደ ታች ካነበብከው ታሪኩ ይዞህ ይሄዳል» ይላሉ። ይህም እንደ የኔታ ሦስት ቀን የሚጠቅም ብልሃት ነው፤ ለምትጽፉ ሁሉ ሰጥቻችኋለሁ።

አንድ ጊዜ አንድ የተከበሩ ሰው የሕይወት ታሪካቸውን አመጡ። ጥሩ ተጽፏል። በመካከሉ በወጣትነታቸው ስለሚያውቋት ሴት አንድ ገጽ አለ፤ ከነስሟ፣ ከነሰፈሯ። የእኔ ሥራ ነጥብና ሰረዝ ማየት ነው። ቢሆንም ወረቀቱን ይዤ ቢሮአቸው ሄድኩና፣ «ሴትዮዋ በሕይወት አሉ?» አልኳቸው። «አሉ» አሉኝ። «ይህን ገጽ አንብበውላቸዋል?» አልኳቸው። ተቆጡ። ማን ጠየቀህ አሉኝ። ለአለቃዬም ከሰሱኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ያችን ገጽ ራሳቸው አውጥተዋት መጡ። ምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስም በጻፋችሁ ቁጥር ያ ስም ጎረቤት፣ ልጅና ጠላት ያለው ሰው ነው። መጽሐፉ ሲወጣ እናንተ እቤታችሁ ትሆናላችሁ። በሩ የሚንኳኳው የዚያ ሰው ነው።

አሁን ወደ መንዝ ልመለስ፤ የቀረኝ ትልቁ ነገር እዚያ ነው። ጠላት ተባርሮ አገር ሲረጋጋ እትዬ አስካለ ከመርሐቤቴ ተመለሱ። ጠጉራቸው ሸብቷል። ቤታቸው የነበረበትን ሳያዩ በቀጥታ ወደ እኛ መጡና አህያቸውን አሰሩ።

«ቆዳ የለኝም፣ የኔታ» አሉ።

«እኔ ጋ አለ» አሉ የኔታ። ያ አይጥ እንዳይበላው ያሉት ቆዳ ነበር።

እንደገና ጀመርነው። ከሌላ ደብር መጽሐፍ ተውሰን፣ እኔ እየጻፍኩ፣ የኔታ አጠገቤ ተቀምጠው እየሰሙ። አንዲት ቃል ብትዘለል ከመቋሚያቸው ጫፍ ጉልበቴን ይነኩኛል። ከዓይናቸው ይልቅ ጆሯቸው ይበልጥ ያይ ነበር ብል አላጋነንኩም። የስሙ ቦታ ስንደርስ ብዕሬን አነሣሁ።

«እንደ ሥርዓቱ ነው?» አልኩ። «ገብረ ሚካኤል ልበል?»

«ገብረ ሚካኤል በል። ከዚያ ‹ዘውእቱ ደምሴ› ብለህ ጨምር።» ያም ደምሴ የሚባለው ማለት ነው።

«የዓለም ስም በጸሎት ውስጥ ይገባል?»

«ቤቷ ተቃጥሎባታል፣ ክንፈ። ጻፈው።»

መዝጊያው ላይ ስንደርስ ለአንድ ሰዓት ብቻዬን ተዉኝ አልኳቸው። የዚያን ዓመት ሸክም ሁሉ እዚያ ላይ አፈሰስኩት። የመጀመሪያው መጽሐፍ በእኔ በክንፈ ትዕቢት እንደ ጠፋ፣ መምህሬ በእኔ ፈንታ እንደ ታሰሩ፣ ዓይናቸው በእኔ ዝምታ እንደ ጠፋ፣ አንባቢ ሁሉ ይቅርታ እንዲለምንልኝ። ከዚያ ጠርቼ አነበብኩላቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ስለ ደምሴ ስንት መስመር ነው?» አሉኝ።

ቆጠርኩ። «ሁለት።»

«ስላንተስ?»

«ዘጠኝ።»

«መጽሐፉ የማን ነው?»

ብራናውን ጉልበቴ ላይ አኖርኩት።

«ፋቀው» አሉ። «ጸጸትህ እውነት ነው፤ አልጠላሁትም። ግን በሰው መቃብር ላይ ቤት ሠራህበት። ለእሷ የሚነገር ከሆነ እግር አለህ፣ ሂድና በአፍህ ንገራት።»

ቢላዋውን አንሥቼ ዘጠኙን መስመር ፋቅኩ። ብራናው እዚያ ጋ ሳሳ፤ ፀሐይ ላይ ቢያዩት አሁንም ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ በእጄ ካለፈው ድርሰት ሁሉ እጅግ ብዙውን ያሳጠርኩት በዚያች ጥያቄ ነው። ደራሲው ሲያዝን፣ ሲጸጸት፣ ሲራቀቅ ያለበትን ገጽ አወጣና መጽሐፉ የማን ነው እላለሁ። አንዳንዱ ይገባዋል። አንዳንዱ ሌላ አራሚ ይፈልጋል።

እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። በዘመድ ቤት ተጠግተው ሱፍ ይፈትሉ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዝርቱን አላቆሙም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ስሙን ጻፍልኝ ብዬ የለመንኩህ እኔ አይደለሁ? ገደሉን ስወርድ ሁሉ የኔታን ያሳሰርኩ እኔ ነኝ እያልኩ ነው የወረድኩ።» ክሩን ሳብ አድርገው ፈተሉ። «ሁለታችንም ነን እንግዲህ። ተቀመጥ፣ ብርድ ነው።»

ተቀመጥኩ። በዚያ አገር ሳለሁ እንደዚያ ቀን የቀለለኝ ቀን አላስታውስም።

የሚካኤል ዕለት መጽሐፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነበበ። የኔታን ክንዳቸውን ይዤ ወስጄ ከግድግዳው ሥር አስቀመጥኳቸው። እትዬ አስካለ በሴቶቹ በኩል፣ ከበሩ አጠገብ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበው ቆመዋል። የሚያነቡት ቄስ ጎልማሳ፣ ድምፃቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። የወሩን ክፍል ጨርሰው ጸሎቷ ላይ ደረሱ። ገብረ ሚካኤል አሉና ቆሙ። ቀጥሎ ያለውን ቀይ ጽሑፍ አዩት። የዓለም ስም እዚህ ቦታ አንብበው አያውቁም። ጎንበስ ቀና አሉ።

«እንደ ተጻፈው ያንብቡት፣ አባቴ» አሉ የኔታ ከግድግዳው ሥር።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ቃሉን ሳያጣድፉ፣ «ዘውእቱ ደምሴ» ብለው አነበቡ።

«አቤት» አሉ እትዬ አስካለ በደምሴ ፈንታ።